የነሐሴ ጎተራ

ጉራጌ አገር ለመሄድ ሰው የሚመርጠው የመስከረምን አጋማሽ ነው። መስቀል ይሆናል፤ ክትፎው፣ አይቡ፣ ጎመኑ ይቀርባል፤ ከአዲስ አበባ የሚተመው ዘመድ መንገዱን ያጨናንቃል። እኔ ግን ሆን ብዬ ነሐሴን መረጥኩ። ማሳው ለዓይን የሚያጠግብበት፣ ጎተራው ግን የሚጠረግበት ወር ነው። ስለ ድብርት የሰውነት ሥር እጽፋለሁ ብዬ ስነሣ አንድ የአእምሮ ሐኪም ወዳጄ፣ «መጽሐፉን ተወውና ክረምት ላይ ገጠር ውረድ። ሰው ምን እንደሚበላ እይና ከዚያ እናወራለን» ብሎኝ ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ድብርት የሚሰማው ወሬ ሁለት ወገን ነው። አንዱ ነገሩን ሁሉ ለመንፈስ ይሰጠዋል። ሌላው፣ በተለይ ከስልኩ የጤና ምክር የማይለየው፣ «ቫይታሚን አንሶህ ነው» ይላል። ሁለቱም ሰውየውን ራሱን ትናንት ምን በላህ ብለው ሲጠይቁት አልሰማሁም።

መንገዱ ከዓለም ገና ተገንጥሎ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ይሻገራል። ጥያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ትክል ድንጋዮች ከመንገዱ ገባ ብለው ቆመዋል። ሚኒባሱ አልቆመም፤ እኔም አላስቆምኩትም። የኔ ጉዳይ ከዚያ ወዲያ ካሉት ጤና ጣቢያዎች ጋር ነው። ይህ ቡታጅራ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቅ መንገድ፣ የአገራችን የአእምሮ ጤና ተመራማሪዎች በጣም የተመላለሱበት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በቡታጅራ ዙሪያ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ ልደትና ሞት መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረ አሰሳ ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለመለየት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮም ፕራይም የተባለ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ አምስት አገሮች የተሳተፉበት ፕሮግራም የሶዶ ወረዳን መረጠ፤ የአእምሮ ሕክምና በተራ ጤና ጣቢያ፣ በነርስና በጤና መኮንን እጅ መስጠት ይቻል እንደሆነ ሞከረ። እዚህ ያለ ገበሬ ስለ እንቅልፉና ስለ ሐሳቡ ከተጠየቀ ቆይቷል ማለት ነው።

ሶዶ

ዝናቡ ከመጣሉ በፊት ከወረዳው ጤና ጣቢያዎች ወደ አንዱ ደረስኩ። በረንዳው ላይ ሰው ነጠላውን ተከናንቦ፣ ጃንጥላውን አጣጥፎ ተራ ይጠብቃል። ተረኛው ጤና መኮንን ወጣት ነው፤ የአእምሮ ጤና ሥልጠና ወስዷል። ሕመምተኞቹ ከፈቀዱ ጥግ ይዤ እንድቀመጥ ተስማማን።

መጀመሪያ የገቡት አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው ሴት ናቸው። «ዶክተር፣ ራሴን ይወቅረኛል» ብለው ጀመሩ። ወገባቸው፣ የዛለው ክንዳቸው፣ የሚነደው ደረታቸው ተከተለ። ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም፤ ሲነጋ ደግሞ ከመደብ መነሣት ያቅታቸዋል። ስለ ሐዘን አንድ ቃል አላነሡም። ጤና መኮንኑ፣ «እናቴ፣ ጎረቤት ቡና ሲጠራዎት ይሄዳሉ?» አላቸው። ትንሽ ቆዩና፣ «ትቻለሁ። ቡናው ምን አደረገኝ፤ ሰው ነው ያስጠላኝ። ልጆቼም ሳይቀሩ» አሉ። የመጨረሻውን ሲናገሩ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት።

የድብርት ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ራሱንና ወገቡን ይዞ ነው። በዚሁ ወረዳ የተደረጉት ጥናቶች፣ ድብርት ይዟቸው ባለሙያ ፊት ከቀረቡት ሰዎች አብዛኞቹ ሕመማቸው ሳይታወቅላቸው እንደሚመለሱ ማሳየታቸው ለኔ አያስገርምም። እኒህ ሴት ግን ቀንቷቸዋል፤ የቡናው ጥያቄ ደርሶላቸዋል።

ጤና መኮንኑ ያን ከሰማ በኋላ ድብርት ነው ብሎ መድኃኒት ለማዘዝ አልቸኮለም፤ ይህን ወደድኩለት። የዓይናቸውን ቆብ ገልብጦ አየ፤ ነጥቷል። ውሃ ሰጥቷቸው ሲጎነጩ ጉሮሯቸውን በጣቶቹ ዳሰሰ። ከነጠላው ሥር እንቅርት ነበር።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከልጅነቴ ነው። እናቴም ነበራት።»

«ብርድስ ብርድ ይልዎታል?»

«በቀትርም ጋቢ አልጥልም።»

በአንገታችን ፊት ለፊት ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኗን የምትሠራው ከአዮዲን ነው። አዮዲኑ ሲጎድል ለማካካስ ስትል ታብጣለች፤ እንቅርት የምንለው ይህንን ነው። ሆርሞኑ የልብን ምት፣ የሰውነትን ሙቀት፣ የአንጀትን እንቅስቃሴ፣ የሐሳብን ፍጥነት ያዛል። ሲያንስ ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፤ ሆድ ይደርቃል፤ ሐሳብ ይጎተታል፤ ሰው ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ይሰለቸዋል። ይህን ዝርዝር ከድብርት መጠይቅ ጎን ብታስቀምጡት ግማሹ አንድ ነው። እንቅርት ያለበት ሁሉ ሆርሞኑ አንሷል ማለት አይደለም፤ የብዙ ሰው ዕጢ አብጣም ቢሆን ሥራዋን ትወጣለች። ያነሰበት ሰው ግን የሚተካለት ሆርሞን በክኒን አለ፤ በየቀኑ መዋጥ ብቻ ነው። ያን ሳያገኝ የድብርት መድኃኒት ለዓመታት ቢወስድ ሥሩ ሳይነካ ይቀራል።

ችግሩ ምርመራው ነው። ጤና ጣቢያው የደም ማነስን ይለካል፤ የታይሮይድ ሆርሞንን ግን አይለካም። ለዚያ ሴትዮዋ ከተማ መሄድ አለባቸው፤ መሳፈሪያ አለ፣ የምርመራ ሒሳብ አለ፣ ከሥራ የሚጎድል ቀን አለ። ሪፈር ተጻፈላቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።

የደማቸው ውጤት ከቀትር በኋላ መጣ፤ ደም ማነስ አለባቸው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ቃል በቃል ሲደርስ ያየሁት ያን ዕለት ነው። በዚያ ላይ ባላቸው ሞቶባቸዋል። ከሦስቱ ድብርቱን ያመጣው የትኛው ነው ብዬ ስጠይቀው ጤና መኮንኑ ሳቀብኝ። «አንተ አንድ ሥር ትፈልጋለህ» አለኝ። «እኔ የምፈልገው ልነቅለው የምችለውን ነው። ባላቸውን አልመልስላቸውም፤ ደማቸውን ግን እመልሳለሁ።» የብረት ክኒን ለወራት ያህል፣ የአንጀት ትል መድኃኒት፣ በየሁለት ሳምንቱም መጥተው እንዲያወሩት ቀጠሮ።

ብረት የሚባለውን ነገር አቅልለን እናየዋለን። ደም ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት ነው፤ አንጎልም ለስሜትና ለትጋት የሚያስፈልጉትን ቅመሞች ሲሠራ ብረት ይጠቀማል። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከመቶ ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ ሴቶች 24ቱ ደም ማነስ ነበረባቸው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት፣ ደም ማነስ ያለባቸው አራሶች ብረት ሲሰጣቸው የድብርትና የውጥረት ምልክታቸው ቀንሷል። ይህ ማለት ብረት የድብርት መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። ደሙ ላነሰ ሰው ነው የሠራው።

ጨው

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበርና ጨው ለማየት ወጣሁ። በሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ አዮዲን አለው ተብሎ በላስቲክ የታሸገው አንዱ ነው፤ ሌላው አፉ የተከፈተ ማዳበሪያ ውስጥ ሆኖ በጣሳ የሚሰፈረው ነው። ባለ ሱቁን ልዩነታቸውን ብጠይቀው፣ «ሁለቱም ጨው ነው፤ የላስቲኩ ተወደደ እንጂ» አለኝ።

የደጋውን አፈር ዝናብና ጎርፍ ለዘመናት ሲያጥበው ኖሯል፤ አዮዲኑም አብሮ ሄዷል። በዚያ አፈር የበቀለ እህልም፣ ያንን ሣር የጋጠች ላምም የሚሰጡት አዮዲን ትንሽ ነው። ስለዚህ ደገኛው አዮዲን የሚያገኘው ከውጭ፣ በጨው ውስጥ ተጨምሮለት ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስኪነሣ፣ ማለትም እስከ እ.ኤ.አ. 1998 ድረስ፣ አብዛኛው ጨው ከአሰብ አዮዲን ተቀላቅሎበት ይመጣ ነበር። ድንበሩ ሲዘጋ አገሪቱ ወደ አፋሩ የአፍዴራ ሐይቅ ጨው ዞረች፤ አዮዲን መቀላቀሉም ተረሳ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አገር አቀፍ ጥናት ላይ ወጣ፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉት ልጆች ከመቶው ወደ 40ው እንቅርት ነበረባቸው፤ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች ከመቶ አራት ገደማ ብቻ ነበሩ። አገር ለድንበር ተዋጋ፤ ሒሳቡ በልጆች ጉሮሮ ላይ ተጻፈ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጨዋቸው ሲመረመር አዮዲን የተገኘባቸው ቤቶች ከመቶ 89 ደርሰዋል። እንዲህ ያለ ፈጣን ለውጥ በአገራችን ብዙ አላየንም፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን አዮዲን መገኘቱና በቂ መሆኑ ለየቅል ናቸው፤ ከመጠን በታች የሆነባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። አዮዲን ፀሐይ፣ እርጥበትና ረጅም መፍላት አይችልም። አፉ የተከፈተው ማዳበሪያ ቀን ከሌሊት ለፀሐይና ለጭጋግ ተጋልጦ ይውላል። ጨውን በክዳን ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ምንም ወጪ የለውም፤ ይህን የነገራቸው ሰው እንዳለ ከጠየቅኳቸው ሸማቾች አንዷ ብቻ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠራችልኝ።

ኬላ አካባቢ

ፍልሰታ ነው። ከኬላ ከተማ ወጣ ብሎ ያረፍኩበት ቤት እመቤት በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ሁሉም እማማ ይላቸዋል፤ እኔም። ቆጮ በጎመን ቀረበልኝ፤ ጎን ለጎን ጥቂት እንጀራ በሽሮ። ለእንግዳ የተደረገ መሆኑ ያስታውቃል፤ ልጆቹ እጃቸውን ወደ ሽሮው አልዘረጉም። እንሰት በክረምት ሰው እንዳይሞት የሚያደርግ ተክል ነው፤ ደረቅ ወቅት አይበግረውም፤ በፈለጉ ጊዜ ይቆረጣል። ሆድ ይሞላል፤ ፕሮቲኑ ግን በጣም ትንሽ ነው። ለዚህ ነው የጉራጌ ገበታ ቆጮን ከሥጋ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር ያጋባው። ሥጋና አይቡ የሌሉበት ቆጮ ብቻውን ሲቀር ቀኑን ያሳልፋል እንጂ ሰውነት አይጠግንም።

ስለ ጤፍ ብረት አነሣን። ጤፍ በብረት ሀብታም ነው መባሉን ሁላችንም ሰምተናል፤ እኔም በኩራት ስደግመው ኖሬአለሁ። ተመራማሪዎች ግን ቆይተዋል ካወቁት፤ ከዚያ ብረት ብዙው ከአውድማው የሚመጣ ነው። እህሉ በበሬ እግር ሲበራይ አፈሩ ከፍሬው ጋር ይቀላቀላል፤ ታጥቦ ሲለካ ቁጥሩ ይወርዳል። የአፈር ብረት ደግሞ ለአንጀት አይመችም። ሊጡ ሲቦካ ብረት የሚይዙት ነገሮች ይቀንሳሉ፤ በሽሮው ላይ የምትነከሰው ቃሪያም ብረቱን ለማስገባት ትረዳለች። አያቶቻችን ሳይንሱን ሳይሰሙ ገበታውን አስተካክለውት ነበር፤ አንድ ነገር ሲቀር።

ያ አንድ ነገር ወዲያው ቀረበ። ጀበናው ተጣደ። ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ሙከራ አሳይቷል። ለእማማ ነገርኳቸው። «ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆዩ ይሻላል ይላሉ» አልኳቸው።

«አንድ ሰዓት!» ብለው ሳቁ። «ልጄ፣ ሰው የሚመጣልኝ በቡናው ነው። ቡናውን ባቆየው ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል። ብቻዬን ብረቱን ይዤ ልቀመጥ?»

መልስ አልነበረኝም። ትናንት ጤና ጣቢያ ያየኋቸው ሴት የሕመማቸው መታወቂያ የሆነው ቡና መተዋቸው ነው። ከእማማ ጋር ለመደራደር ሞከርኩ፤ ከምሳ በፊት ቢያፈሉትስ? «እሱስ ይሆናል፤ ግን ማን ምሳ አለው» አሉኝ።

ስለ ጾሙም ተጠያየቅን። ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ከሚመጣ ምግብ ነው፤ ሲጎድል ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ መርሳትና ድብርት ያመጣል፤ ብዙ ከቆየም ነርቭን እንደማይመለስ አድርጎ ይጎዳል። አንዳንድ የከተማ ሰው ከዚህ ተነሥቶ ጾምን ይወቅሳል። አልስማማም። ጉበታችን ቢ12ን ለዓመታት ያከማቻል፤ ሁለት ሳምንት ፍልሰታም ሆነ ሁለት ወር ሁዳዴ ያንን ክምችት አይጨርሰውም። የሚጨርሰው በፍስክ ቀን የሚበላ ሲጠፋ ነው። እማማ ሥጋ የሚቀምሱት ለፋሲካና ለመስቀል ነው፤ ወተቱ ይሸጣል፤ ቅቤው ለሴቶቹ የቅቤ ዕቁብ ይሰበሰባል። የቀን መቁጠሪያው ፍስክ ቢልም ገበታው ጾም ነው። ለታመመና ለደከመማ ቤተ ክርስቲያኒቱም ታዝናለች፤ የነፍስ አባት ፈቃድ ይሰጣል። ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስዱ ሰዎች፣ ጨጓራቸው የተጎዳ አዛውንቶችም ቢ12 እንደሚያንስባቸው ደግሞ ከጾሙ ይልቅ ሊወራ የሚገባው ነገር ነው፤ በከተማ ብዙ ናቸውና።

ቡታጅራ

ቡታጅራ ስገባ ሰማዩ ተከፍቶ የዘቢዳር ተራራ ታየ። ከተማዋ ሞቅ ያለች ናት፤ በርበሬና ጫት ይነገድባታል። ጫቱን በጥርጣሬ አየሁት። ረሃብን ያስረሳል፤ እንቅልፍን ይነሣል፤ ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣውን ጭፍግግ ማለት የሚያውቀው ያውቀዋል። ቁርስ በጫት ያለፈው ወጣት ማታ ምሳም እራትም እንዳልበላ ትዝ የሚለው ዘግይቶ ነው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ቤት ሄድኩ። ለረጅም ጊዜ ድብርት ይዞት ቆይቷል፤ አሁን ሕክምና ላይ ነው፤ ስለ ሕመሙ በግልጽ ይናገራል። ጠረጴዛው ላይ አሜሪካ ያለች እህቱ የላከችለት የቫይታሚን ዲ ብልቃጥ አለ፤ አጠገቡ የዓሣ ዘይት። ሐኪሙ ካዘዘለት መድኃኒት ይልቅ በነዚህ እንደሚተማመን ነገረኝ። «ይህኛው ተፈጥሮ ነው» አለ።

የማውቀውን ነገርኩት። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆነ ከ18 ሺህ በላይ ሰዎች ለአምስት ዓመት ያህል ግማሾቹ ቫይታሚን ዲ፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት ክኒን ወስደዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ ሲወጣ ቫይታሚኑ ድብርትን አልተከላከለም። የዓሣ ዘይቱም በዚያው ጥናት ተሞክሮ አልረዳም። በአራት የአውሮፓ አገሮች ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ላይ የተሞከረውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅም እንዲሁ። በሌላ በኩል አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ትንሽ ሙከራ አለ፤ 67 የድብርት ሕመምተኞች፣ 12 ሳምንት። ግማሾቹ ምክር እየተሰጣቸው አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣ፣ የወይራ ዘይት ያዘወተሩ ናቸው። ከነሱ 32 በመቶው ከሕመሙ ወጡ፤ ከሌላው ወገን 8 በመቶ። ሙከራው ትንሽ ስለሆነና ተሳታፊዎቹ ምን እንደሚበሉ ስለሚያውቁ ብዙ ልንሰቅልበት አንችልም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ይመስለኛል፤ ምግብ ሲረዳ እንደ ምግብ ነው እንጂ እንደ ብልቃጥ አይደለም። ቫይታሚን ዲ በምርመራ ላነሰበት ሰው ለአጥንቱና ለጡንቻው ያስፈልገዋል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

መምህሩ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «እህቴ እንዳትሰማህ» አለ። ብልቃጡን አልጣለውም። እኔም ጣል አላልኩትም፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ብቻ ለመንኩት።

የጎረቤቱ ልጅ ከአረብ አገር የተመለሰች ናት። ለዓመታት በር ተቆልፎባት ሠርታለች፤ ፀሐይ የምታየው ልብስ ስታሰጣ ነበር። አጥንቷ ይቆረጥማታል፤ ደረጃ መውጣት ያቅታታል። ሐኪሙ ቫይታሚን ዲ እንዳነሰባት አግኝቶ ሰጥቷታል፤ ሕመሙም ቀሎላታል። «ልብሽስ?» አልኳት። «ልቤማ ያልተከፈለኝ ደሞዝ ነው» አለች።

እዚህ ላይ የሰሜን አሜሪካው ሐኪም ጆሴፍ ጎልድበርገር ትዝ ይለኛል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ ደቡብ ፔላግራ የሚባል ሕመም ገብቶ ነበር፤ ቆዳን ያቆስላል፣ ሆድን ያውካል፣ አእምሮን ያጨልማል፤ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎቹን የሞላ በሽታ ነው። ተላላፊ ነው ተባለ። ጎልድበርገር እ.ኤ.አ. በ1914 ማቆያዎቹን ሲጎበኝ ሕሙማኑ ሲታመሙ አስታማሚዎቹ አይታመሙም፤ ልዩነቱ ምግባቸው ነበር። በቆሎ ዱቄት፣ የአሳማ ስብና ሽሮፕ ብቻ የሚበላ ይታመማል፤ ወተትና ሥጋ የሚያገኝ አይታመምም። የጎደለው ኒያሲን የሚባል ቫይታሚን መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1937 ታወቀ። እሱ ግን ያንን ሳይጠብቅ ከሥራ ባልደረባው ከሲደንስትሪከር ጋር የደቡብ ካሮላይናን የጥጥ ፋብሪካ መንደሮች ቤት ለቤት አጠና፤ የቤተሰቡ ገቢ ሲወርድ ፔላግራው ይወጣል። የቫይታሚኑን ስም ሳያውቅ የሕመሙን ሥር ከደሞዝ መዝገብ ላይ አገኘው። ብዙ ሐኪም የሚያደንቀው ለመጀመሪያው ግኝት ነው፤ እኔ ለሁለተኛው።

በሶዶ የተደረገ ጥናት ይህንኑ በኛ ቋንቋ ይናገራል። ከባድ የአእምሮ ሕመምተኛ ያለባቸው ቤቶች በከፋ የምግብ እጦት የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ቤት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ጅማ አቅራቢያ በግልገል ጊቤ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመውም የሚበሉት የማይተማመኑበት ሰዎች የድብርትና የጭንቀት ምልክታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። የሚጎዳው የጎደለው ምግብ ብቻ አይደለም። አንዲት እናት፣ «ረሃቡንስ ለምጄዋለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ነው መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ የምመኘው» አለችኝ። ለዚህ የሚወሰድ ቫይታሚን የለም።

ከመመለሴ በፊት ከከተማው ወጣ ባለ ጤና ጣቢያ ያገኘኋቸውን ባልና ሚስት ልጥቀስ። ሰውየው ጎልማሳ ገበሬ ነው። አምና ድብርቱ ሲጠናበት በሬዎቹን ጠምዶ መውጣት አቃተው፤ መሬቱን ለእኩል ሰጠ። እኩል ማለት የምርቱ ግማሽ ማለት ነው፤ ስለዚህ ዘንድሮ ነሐሴ እነሱ ቤት የገባው ከሌላው ቀድሞ ነው። ሕመሙ እህሉን ቀነሰ፤ የእህሉ ማነስ ሕመሙን አባሰ። አሚትሪፕቲሊን ተጀምሮለት እንቅልፉ ተመለሰ፤ ፊቱም ፈታ ብሏል። ነርሱ ደስ ብሎት፣ «እንግዲህ እንቀጥላለን» ሲል ሚስቱ ጣልቃ ገባች።

«ወንድሜ፣ መድኃኒቱ ደግ ነው። ግን ያስርበዋል። ሌሊት ተነሥቶ ምግብ ይለኛል። የልጆቹን ልስጠው?»

በቡታጅራ የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኞች መድኃኒት ለምን እንደሚያቋርጡ በተጠየቁበት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ላይ፣ ከምክንያቶቹ ዋነኛ ሆኖ የወጣው ይኸው ነበር፤ መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ የሚበላው የለም። ወረቀት ላይ ሳነበው ቆይቻለሁ። ሚስትየው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

ነርሱ ረሃብ ወደማይጨምረው ፍሉኦክሰቲን ሊቀይርለት አሰበ፤ ያን ቀን መደርደሪያው ላይ አልነበረም፤ በሚቀጥለው ወር ይመጣል ተባለ። ለቀበሌው የእርዳታ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ሚስትየው ደብዳቤውን ተቀበለች፤ ግን ሐሳቧ ሌላ ላይ ነበር። ጎረቤቶቿ ሽምብራውን በደቦ ሊዘሩላቸው ተስማምተዋል፤ መሬቱ እርጥበቱን ሳይለቅ በዚህ ሳምንት መሆን አለበት። ደቦ ለሚወጣ ሰው ንፍሮ መቀቀል፣ ቡና ማፍላት የግድ ነው። በር ላይ ደርሰን ስንወጣ ባቄላ ዛሬ ገበያ ላይ በስንት እንደዋለ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በጣቶቿ አሰላችና፣ ግማሹን ከወንድሟ ሚስት እንደምትበደር፣ ግማሹን በአተር እንደምታሟላ ነግራኝ ባሏን አስቀድማ ሄደች።